ከበር ኋላ የቀረች ተዋናይት

ልጁ ዝነኛ እንዲሆን የማይመኝ ወላጅ የለም። ዝነኛ ለመሆን ከቤት መውጣት ግድ ነው ሲባል የሚስማማ ወላጅ ግን ገና አልተወለደም! አንቺ ይህን የምታነቢው፣ «እኔስ እንዲህ አይደለሁም» እንዳትይኝ። ቆይ… ተራሽ ይደርሳል።

ልጄ ሰሚራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትወና የጀመረችው ግን ዛሬ አይደለም። ሱቅ ስልካት ታነክሳለች፤ ጓደኛዋ ስትጠራት ትድናለች። አሶሳ ገበያ ማንጎ ስሸጥ «አያዋጣኝም!» ብዬ የምኮሳተረውን እንኳ ሳታስቀር ስታስመስለኝ ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። ታዲያ ዓምና ድራማ የሚቀርጹ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ወጣቶችን ሲፈትኑ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ እሷን መረጡ። የሆነው ሆኖ «ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» አሏት።

ስህተታቸው ይህች ናት!

ብቻዬን ከምሄድ ብዬ ጎረቤቴን ሀዋን አስከተልኩ። ሀዋ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ በርታ ናት፤ አማርኛዋ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ብዙ አትናገርም፣ የተናገረችው ግን አይረሳም። ልጇ ራህማም «ልይ» ብላ ተከተለችን። አዘጋጁ ጸጉሩን ያጎፈረ ለግላጋ ወጣት ነው፤ ብድግ ብሎ ተቀበለን፤ ወንበር ሰጠን፤ ታሪኩንም ያስረዳኝ ጀመር።

«ልጅቷ እናቷ ትሞትባታለች…»

«ቱ! ቱ! ቱ!»

«ምነው እናቴ?»

«እኔ በቁሜ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ! አክስቷ ትሙት።» ይህን እንዳልኩ ባምባሲ ያለችው እህቴ ትዝ አለችኝ። «ቆይ፣ አክስቷም ትቅር። የሩቅ ዘመድ ይሁን።»

«ለሩቅ ዘመድ እኮ ሰው ራሱን ስቶ አይወድቅም።»

«እንግዲያው አትውደቅ! ልብሷስ ለምን ይቆሽሻል?»

ሰሚራ በክርኗ ጎሸመችኝ። አዘጋጁ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰረዘና ቀጠለ።

«ከዚያ ግድቡ ላይ የሚሠራ ወጣት ትወዳለች።»

«በሩቁ?»

«ኧረ በቅርቡ ነው!»

«በሩቁ ይሁን። እሱ ጉባ ሆኖ ይውደዳት፤ እሷም አሶሳ ሆና ትውደደው። ልጁም ሥራ አይፍታ!»

ሰረዘ።

«እሺ… በመጨረሻ በሚኒባስ ከቤት ትጠፋለች።»

«ሹፌሩን ማን ያውቀዋል?»

«ሹፌሩም ተዋናይ ነው እናቴ…»

«ይባስ! ካልጠፋች የማይሆን ከሆነ እኔም አብሬያት ልጥፋ።»

«እናቷ ካልሞተች እኮ የምትጠፋው ከእናቷ ነው!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በውስጤ ደስ ብሎኛል። ገበያ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከገበሬ ስረከብ የጠሩልኝን ማስቀነስ እንጂ ማስጨመር አላውቅም። ባስቀነስኩ ቁጥር ያተረፍኩ ይመስለኛል። አዘጋጁ ግን ብዕሩን አስቀመጠና ወረቀቱን አሳየኝ።

«እናቴ፣ አሁን የቀረችን ልጅ ቤቷን ዘግታ የተቀመጠች ናት።»

«የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት!» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ራህማን አየት አደረገና ወደ ሀዋ ዞረ። «እርስዎስ? ልጅዎ ብትሞክር… እናቷ ትሞታለች እንግዲህ።»

ሀዋ መልሳ ጠየቀችው። «እናቱ ከሞተ በኋላ ወደ ቤት ይመለሳል?»

«አዎ፣ ይመለሳሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሙታ!»

ራህማ ዋናዋ ሆነች። ለሰሚራም፣ እኔን ላለማሳፈር ይመስለኛል፣ እኔ ያተረፍኳትን ክፍል ሰጧት፤ ቤቷን ዘግታ የተቀመጠችውን ልጅ። ሰሚራ እስከ ቤት ድረስ ከኋላችን ተነጥላ ሄደች። ልጄን አውቃታለሁ፤ ያ ኩርፊያ ትወና አልነበረም።

ድራማው በቴሌቪዥን የታየ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ራህማ አለቀሰች፣ ወደቀች፣ ወደደች፣ ጠፋች። በሚኒባስ ሄዳ ሄዳ የአንድ ቤት በር አንኳኳች። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እልልልል!» አልኩ፤ ለብቻዬ።

«ምን ተገኘ?» አሉ ጎረቤቶቼ።

«ሰሚራ እኮ ናት!»

«የታለች?»

«ከበሩ ኋላ!»

በሩ ሳይከፈት ራህማ ተስፋ ቆርጣ ሄደች። ልጄም በዚያው አለቀች። ሀዋ ከጎኔ ፈንዲሻዋን እያሻመደች፣ «ወላሂ በሩ ጎበዝ ነው!» አለች። ቀጥላም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እይኝ፣ እኔ ሞትኩ… ይኸው ፈንዲሻ እበላለሁ። ሞት ቀላል ነው እህቴ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰሚራም ሳቀች። ሳቋ ግን ሱቅ ስልካት እንደምታነክሰው ዓይነት ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እናት ያቦካችውስ? ልጄን ከሞት፣ ከፍቅርና ከሚኒባስ አድኜ ከበር ኋላ አስቀረኋት። በሩን የዘጋሁት እኔ፣ «ማነው?» የምትለው እሷ!

ሰሞኑን ስልኬ ጠራ። ያ አዘጋጅ ነው።

«እናቴ፣ የሰሚራን ድምፅ ሁሉም ወደደው። አዲስ ሥራ አለን፣ ዋናዋን እሷ ብትጫወት…»

አላስጨረስኩትም። «እናቷ ትሙት! ፈቅጃለሁ! አክስቷም ከፈለጋችሁ ትጨመር!»

«ኧረ የለም፣ እናቷ ደህና ናት» አለና ጉሮሮውን ጠራረገ። «በዚህኛው የምትሞተው… ልጅቷ ራሷ ናት።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! «ቱ!» ልል ምራቄ ምላሴ ላይ ደርሷል። ቀና ስል ሰሚራ በሩ ላይ ቆማለች፤ አሁን ግን ከፊቱ ነው። ዓይኗን ሳትነቅል፣ ስንት እንደማስቀንስ ትጠብቃለች።

ምራቄን ዋጥኩት።

«ይሁን፣ ትሙት» አልኩት። «ግን ልጄ… አደራህን በጊዜ ትሙት፤ ሳይመሽ ቤቷ እንድትገባ!»