ለሁለት ስኮትላንዳውያን የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሐበሾች የተጣላ ሰው አይተን ዝም ማለት አይሆንልንም። ሁለት ሰዎች ትራም ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ቢቀመጡ፣ ከመካከላችን አንዱ ቀጣዩ ፌርማታ ሳይደርስ “ምን ሆናችሁ ነው?” ማለቱ አይቀርም። ስዊሶች ግን ጠብን እንደ ጥርስ ብሩሽ ያዩታል፤ የየራስ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ዙሪክ ኖሬ የቱ እንደሚሻል አልወሰንኩም። እናንተ ወስናችሁ ከሆነ ንገሩኝ።

ዱጋልን ያወቅሁት አልትሽቴተን ሰፈር፣ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። የእሱ ተራ ከእኔ ይቀድማል። ረጅም ነው፤ ቀይ የነበረው ፀጉሩ ወደ አመድ ዞሯል፤ የትራም መጋዘን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። ማሽኑ ሲሽከረከር አብሮት ያንጎራጉራል። አንድ ቀን ሳላስበው “ይሄ ማሽን ድምፁ ወረደ፤ ባለፈው ሳምንት ከፍ ይል ነበር” አለኝ። ልብሴን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ይህ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ሙዚቀኛ።

ሙዚቀኛ ነበር። በወጣትነቱ፣ መርከብ በሚሠራባት አንዲት የስኮትላንድ የወንዝ ዳር ከተማ፣ ከጎረቤቱ ልጅ ከኢያን ጋር ባንድ አቋቁሞ ነበር። ስሙ “የእሁድ ፋኖስ”። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። ዱጋል ሲንተሳይዘሩን፣ ያንን ቁልፍና ሽቦ የበዛበትን ኪቦርድ ይጫወታል፤ ኢያን ይዘፍናል። በቃ። በስልኩ አሰምቶኛል። ጭጋግ ማንጎራጎር ቢችል እንደዚያ የሚል ይመስለኛል። አንድ ዘፈናቸው ወጣ፣ ሬዲዮ ወደደው፣ የማያውቋቸው ልጆች ፀጉራቸውን እንደ ኢያን ግንባራቸው ላይ ደፉ። በአውቶቡስ ከአገር አገር ዞሩ። መስኮት፣ ዝናብ፣ መድረክ፣ ጭብጨባ፣ ደግሞ መስኮት። ታዲያ ሲያልቅ አያምር።

ዙሪክ ላይ የመድረኩ መብራት ሲንተሳይዘሩን አጋለውና ድምፁ ተንሻፈፈ። ኢያን ዘፈኑን አቋርጦ ወደ ሕዝቡ ዞረ። “ስለ ጓደኛዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ” አለ። ሌላ ጥፋት የለም፤ ይኸው ነው። ዱጋል ገመዱን ነቅሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ወደ አውቶቡሱም አልተመለሰ። ኢያን በማግስቱ ጄኔቫ ላይ ለባዶ ወንበሮች ብቻውን ዘፈነና እዚያው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ቀረ። እስቲ አስቡት። አንዱ ቡድኑ በሞተበት ከተማ፣ ሌላው ቡድኑ ሳይደርስበት በቀረው ከተማ። በመካከላቸው ባቡር እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል። እነሱ ግን እስኪሸብቱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ነገሩ በዚሁ ያልፍ ነበር፤ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን ውስጥ የሐበሻ ሠርግ ባይኖር ኖሮ።

የሠርጉ ኪቦርድ ተጫዋች ታመመ። ዱጋልን ለምኜ ወሰድኩት። ከሰዓት በኋላውን ከስልኬ ትዝታን ሲሰማ ውሎ፣ ማታ በራሱ ጭጋግ ሸፍኖ ተጫወተው። ሊጨፍር የተነሣው ሕዝብ ትከሻውን ረስቶ ቆሞ ቀረ። እንቅልፍና ንቃት መሀል እንደሚሰማ የሩቅ ደወል ነበር። ሲጨርስ ጋሽ በየነ ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ በየነ አዲስ አበባ መምህር የነበሩ፣ አሁን ሽዋመንዲንገን ሰፈር የሚኖሩ፣ ያልታረቀ ሰው የሚያሳክካቸው ሽማግሌ ናቸው።

“እጁስ እጅ ነው። ምነው አፉን ዘጋው? አይዘፍንም?”

ተረጎምኩ። ዱጋል የሚዘፍነው ሌላው እንደነበረ፣ ጄኔቫ እንደሚኖር፣ በጸደይ ጠቅልሎ ስኮትላንድ ወደ አንዲት ደሴት፣ እህቱ ዘንድ ሊገባ መሆኑን ከሰው እንደሰማ ነገረን። “ከዚያ ወዲያ አላየውም” አለ። ለእኛ ሳይሆን ለኪቦርዱ ነበር የሚናገረው።

“ሳይታረቁ?” ጋሽ በየነ ሳህኑን አስቀመጡት። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! እኛ በሕይወት እያለን?”

በቀጣዩ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ጄኔቫ ወረድን፤ ጋሽ በየነ፣ ወይዘሮ ሰናይትና ለአስተርጓሚነት እኔ። ወይዘሮ ሰናይት በነርስነት ያረጁ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ሐይቁ ድንገት ከታች ተዘረጋ፤ የወይን እርከኑ፣ ውሃው፣ ማዶ ተራራው ሁሉም አንድ ሰማያዊ ሆኖ፣ ባቡሩ የሚሄድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ጋሽ በየነ አላዩትም። ንግግራቸውን ያጠናሉ።

ኢያን በሩን ከፍቶ በትሕትና “ተቀመጡ” አለን። ሽማግሌ ጉዳዩ “እሺ” ሳይባልለት እንደማይቀመጥ እናንተ ታውቃላችሁ። እሱ አያውቅም። ደግሞ እሱም እንግዳ ቆሞ አይቀመጥም። አራታችንም ቆምን። ሻይ አመጣ፤ አልነካንም፤ እሱም አልነካም። የታሸጉ ካርቶኖች መሀል ሻዩ ሲቀዘቅዝ እናያለን። ጋሽ በየነ የሳልና የስርቆቱን ተረት በግርማ ተናገሩ፣ ተረጎምኩ፤ ኢያን “እኔ ከዱጋል ምንም አልሰረቅሁም” አለ። “ገመዱን እንኳ አልወሰድኩም።”

“ኧረ ጉልበቴ” አሉኝ ጋሽ በየነ በሹክሹክታ። “ፈጥኖ እሺ እንዲል አድርገው።”

“እርስዎ ያሳጥሩት እንጂ ጋሼ!” አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

ማሳጠር የማይሆንላቸው ሰው ወደ ድሮ ገቡ። በአያቶቻቸው ዘመን የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተበዳዩ እግር ላይ ይወድቅ እንደነበር ተረኩ። እንዲያው ለማስረዘም ነበር፤ እሳቸውም በዓይናቸው አላዩትም። ኢያን ግን አዳምጦ ሲጨርስ፣ “ምን የሚያህል ድንጋይ?” አለ። ከዚያ “እመጣለሁ” አለ። ተቀመጥን። ቀዝቃዛ ሻይ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

እሁድ ዱጋልን ይዘን ዙሪክ ባንሆፍ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቆምን። ኢያን ከባቡሩ ወረደ፤ ከቦርሳው በሸሚዝ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጣ። ሐይቁ ያለሰለሰው፣ ሙልሙል ዳቦ የሚያህል ድንጋይ። አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ መሀል ተንበረከከ።

“ማን አምጣ አለው?” አሉ ጋሽ በየነ ደንግጠው።

“እርስዎ።”

“እኔ እኮ ድሮ ነው ያልኩት!”

ኢያን አቀርቅሮ፣ “ስለ አንተ ይቅርታ ስለጠየቅሁ፣ ይቅርታ” አለ። ዱጋል ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣለት፤ የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው። የባቡር ጣቢያው ጠባቂ መጥታ የማን ዕቃ እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ሰናይት በጥርት ያለ ጀርመንኛ “የሁላችንም ነው” አሏት። ሁለቱ ስኮትላንዳውያን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ቆመን መቅረታችንን ረስተው፣ አስተርጓሚው እኔ እንኳ በማይገባኝ የስኮትላንድ እንግሊዝኛ እስኪመሽ አወሩ።

በጸደይ ዱጋል የኢያንን ዕቃ ሊያደርስለት ደሴቲቱ ድረስ አብሮት ሄደ። አልተመለሰም። ከእሱ በኋላ የገባው ሰው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከማሽን ጋር አያዜምም፤ የጊዜ ሰሌዳውን ያነባል። ዲቲኮን ውስጥ ሊድሩ ቀን የቆረጡ አባት ኪቦርድ ተጫዋች አሳጣችሁን ብለው ጋሽ በየነን አኮረፉ።

ባለፈው ሰሞን ከዱጋል የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ንፋስ፣ የባሕር ወፍ፣ እንደ ጭጋግ የረዘመ አንድ ድምፅ፤ ከላዩ ሁለት ሽማግሌዎች ዘፈኑ ከየት እንደሚጀመር ይጯጯሃሉ። ለጋሽ በየነ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

“ተጣሉ እንዴ?”

“አዎ ጋሼ።”

 ጉልበታቸውን አሹት።

“እንግዲህ ስኮትላንድ ሩቅ ነው” አሉ። “የራሳቸውን ሽማግሌ ይፈልጉ።”