አንተ የተባባልንበት ኮረብታ

አንቱታ ደግ ነገር ነው፤ ችግሩ አንዴ ከገባችሁበት መውጫው አይታወቅም። ከአንተ ወደ አንቱ መውጣት ቀላል ነው፤ ሰውየው ይሾማል ወይም ይመነኩሳል፣ ነገሩ በራሱ ይመጣል። ለመውረድ ግን ደረጃ አልተሠራለትም። ሞክሩትና እዩት። እሱ የተሰደበ ይመስለዋል፣ እናንተም የተሳደባችሁ ይመስላችኋል።

ልጄ የአቶ በላቸውን ልጅ አግብታለች። ሁላችንም የዴንቨር ዳርቻ ነዋሪዎች ነን፤ እኛ አውሮራ፣ እነሱ ቶርንተን። በመኪና ቅርብ ነው፤ በአንቱታ ግን ሩቅ አገር ነበርን። እሳቸው ቤቴ ሲመጡ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም እሳቸው ቤት እየራበኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ልጆቹ ይህ አሳሰባቸውና ሁለታችንንም ከነሚስቶቻችን በመዝናኛ መርከብ ወደ ካሪቢያን ላኩን። ነፍሰ ጡሯ ልጄ ዴንቨር ኤርፖርት ስታደርሰን፣ «ዳድ፣ በቃ ፍሬንድ ሁኑ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ለሚወለደው ሁለት አያት እንጂ ሁለት እንግዳ አልፈለገችም። እኔም ሰውየውን በጣም እወዳቸዋለሁ፤ እንዴት እንደምነግራቸው ነበር የጨነቀኝ።

መርከቡ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ቆመ። ሚስቶቻችን ገበያ ሄዱ፣ እኛ ወደቡ ላይ ተፋጥጠን ቀረን። ከከተማዋ ጀርባ ኮረብታ አለ።

«ዎክ ብናደርግስ?» አሉ አቶ በላቸው። «ዴንቨር ለሚኖር ሰው ይቺ ምን አላት?»

እውነት ነው፤ ከባሕር አንድ ማይል ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። የረሳነው እኔ ታክሲ ውስጥ፣ እሳቸው የፓርኪንግ መግቢያ ላይ ተቀምጠን መኖራችንን ነው።

መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። «ይቅደሙ» አልኳቸው። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» «በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ?» ይህን ስንባባል ፍየሎች በመካከላችን አልፈው ሄዱ። በየመታጠፊያው እንዲሁ ነው። ላብ እያጠመቀኝ «ደከመዎት እንዴ?» ስላቸው፣ «እርስዎ ካልደከመዎት እኔ ደህና ነኝ» ይላሉ። እንዲህ ስንከባበር ጫፍ ደረስን፤ ገና አረፍ ከማለታችን መርከቡ ጮኸ። ሊሄድ ነው። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ «ይቅደሙ» አልኩ።

«ሩጥ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ጥሎን ሊሄድ ነው!» አለኝ በላቸው።

አቶውም እርስዎውም እዚያው ቀሩ። ሮጥን። አንሸራቶኝ ስወድቅ ቀበቶዬን ይዞ አነሣኝና፣ «ምን ዓይነት ጫማ ነው ያደረግከው?» አለ። «ዝም ብለህ ሩጥ» አልኩት። መወጣጫው ሊነሣ ሲል ደረስን፤ ተደጋግፈን ስንስቅ መርከበኛው የሰከርን መሰለው። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

እራት ላይ «ጨው አቀብለኝ» አልኩት። «አንተው ተነሣና አምጣ» አለኝ። ሴቶቹ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ለእነሱ፣ ኮረብታው ላይ ተጣልተን ወረድን ማለት ነው። «ኧረ ስለ ልጆቹ ስትሉ» እያሉ ያስታርቁን ገቡ። አልተጣላንም ብንል ማን ይስማን? ይሉኝታ ያዘንና ተነሥተን ተሳሳምን። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እኔንም ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ይኸው ሴቶቹ በእርቁ እንደኮሩ፣ እኛም በሰው ፊት አንቱ እንደተባባልን አለን። በላቸው ከቶርንተን ሲደውል ግን ሰላምታ የለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻህን ነህ?» ይለኛል።