ለወዛም ፊት የተገዛ ብልጭልጭ

በራሱ የሚያበራ ፊት ይዞ ፊት ማብሪያ የሚገዛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዷን አውቃለሁ። የቢሮ ባልደረባዬ ሰናይት ቀይ ናት፤ ፊቷም ወዛም ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ርካሽ የጉንጭ ብልጭልጭ ስታነሳ ሻጯ እንኳ፣ «ወላሂ፣ አላህ ራሱ ቀብቶሽ የለ እንዴ!» ብላት ነበር። ማን ይስማ?

በማግስቱ ተቀብታው መጣች። ብልጭልጭ መቼ በወዛም ፊት ይረጋል! ጉንጭ ለጉንጭ ሰላም ያላትን ሁሉ እየተከተለ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁላችንም አበራን። የአለቃችን ጉንጭ ብቻ ንጹሕ ነበር፤ እሳቸው «መሥሪያ ቤት የመሳሳሚያ ቦታ አይደለም» ባይ ስለሆኑ ሰላምታቸው ከእጅ አልፎ አያውቅም።

ከሰዓት ባለቤታቸው ብቅ አሉ። ጉንጫችንን በየተራ አይተው ሳቁ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተዬ፣ ሪዝህ ላይ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»