ሲነኩት ያልበራው ልጅ

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ የማግስቱን ፈተና እያሰብኩ ነው። ለከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ስማርት ቦርድ መጥቶለታል። በጣት ሲነኩት የሚበራ፣ የሚስል፣ ተማሪውን ጠይቆ መልስ የሚቀበል ሰሌዳ ነው አሉ። እሱን የሚያሠራ አንድ ሰው ፈትነው ሊቀጥሩ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ካልመጣልኝ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ማመልከቻውን ያስገባችልኝ እህቴ አስናቀች ናት። «ምንቴ፣ በዚህም ካልተሳካልህ እንግዲህ እኔም አላውቅልህም» ብላኛለች። ሰሌዳውን ግን በዓይኔ እንኳ አይቼው አላውቅም። በዚህ ጭንቀት ተኛሁና እንዲህ አለምኩ።

በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ትምህርት ቤቱ ነው። ከነአጥሩ፣ ከነባንዲራ መስቀያው መጥቶ ደጃችን ላይ ተንበርክኳል። አርፍዶ ነበር። የጣራው ቆርቆሮ በላብ ርሷል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። ድምፄ የትምህርት ቤት ዘበኛ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መንገድ ላይ አህያ ዘጋብኝ» አለ ትምህርት ቤቱ።

«ወላጅ ሳታመጣ አትገባም!»

ትምህርት ቤቱ በመስኮቶቹ ሁሉ አለቀሰ። ሄደና ወላጁን ይዞ መጣ። ወላጁ አንድ ያረጀ ዋርካ ነበር፤ ዱሮ ከሥሩ ፊደል ይቆጠርበት የነበረ። ዋርካው በከዘራ እየተደገፈ ቀረበኝና፣ «ልጄ አመለኛ አይደለም፤ አዲስ ዕቃ ገዝተውለት ነው ልቡ ያበጠው» አለኝ። አዘንኩለት። በሩን ገፋ አድርጌ ለቀቅሁለት። ትምህርት ቤቱ ወደ ሳሎናችን ሲገባ ሳሎናችን ጠፋና እኔ እሱ ውስጥ ቀረሁ።

ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል ነበርኩ። ዴስኮቹ ላይ የተቀመጡት ሰሌዳዎች ናቸው፤ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ዩኒፎርም ለብሰው። ተማሪዎቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። አንዱ ሰሌዳ ተነስቶ የአንዲትን ልጅ ግንባር በጣቱ ነካ። ልጅቷ ቦግ ብላ በራችና ደረቷ ላይ ልብ ከነደም ሥሩ ሲመታ አሳየች። ሰሌዳዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ የኋላ ዴስክ ሰሌዳ ግን ጠመኔ እያኘከ ተኝቶ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ቢበዛ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሁሉም «ወይዘሮ ሚጣ» ይሏታል። በአርጩሜ ፋንታ ሪሞት ይዛለች።

«አንተ ልጅ!» አለችኝ። «ሲነኩህ ትበራለህ?»

«አላውቅም እትዬ። ማንም ነክቶኝ አያውቅም።»

«ስቀሉት!»

ኮሌታዬን ሚስማር ላይ አንጠለጠሉኝ። ዞር ስል አጠገቤ የተሰቀሉት የዱሮው የሒሳብ አስተማሪዬ መምህር ላቀው ናቸው። ከረባታቸው ከሚስማሩ ጋር ተጠላልፏል።

«ቲቸር! እርስዎም?»

«ዝም በል፣ ባትሪዬን ታስጨርሰኛለህ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሲነኩህ ቶሎ ብራ። እስከ ደወል ያልበራ ስቶር ይገባል። ስቶር የገባ ደግሞ አይወጣም። ዕቃ ማውጫ ሞዴል ተሞልቶለት የወጣ ሰው እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም።»

«በምኔ ልብራ ቲቸር?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳስተምርህ አንድ ቀን እጅህን አውጥተህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እውነታቸውን ነው። የእኔ አሥራ ሁለት ዓመት መጨረሻ ዴስክ ላይ ተቀምጬ በመስኮት ደመና ሳይ ነው ያለቀው። ላቤ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። የግድግዳው ሰዓት ከቦታው ወርዶ በሁለት ጣቱ እየሄደ አጠገቤ መጣና ጆሮዬ ሥር ቆመ።

«አሥር ደቂቃ አለህ» አለኝ።

መጀመሪያ አንድ ጥቁር ሰሌዳ መጥቶ ግንባሬን ነካኝ። ምንም የለም። ነጭ ሰሌዳ መጥቶ ክርኔን ነካኝ። ከክርኔ ውስጥ ዶሮ ጮኸች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው ጉልበቴን ሲነካኝ የአሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ግማሽ ገጽ ተከፈተ፤ ዓባይ ወዴት እንደሚፈስ ሳይናገር ተመልሶ ተዘጋ።

«እትዬ፣ ይኼኛው ስታክ አድርጓል!» ጮኸ አንዱ።

«አጥፍታችሁ አብሩት!» አለች ወይዘሮ ሚጣ።

አፍንጫዬን ይዘው አጠፉኝ። ለቀው አበሩኝ።

«አሁንስ?»

«ያው ነው!»

«በጥፊ ሞክሩት። የኛ ቤት ቴሌቪዥን በጥፊ ነው የሚሠራው» አለች ወይዘሮ ሚጣ።

ተሰለፉና በየተራ በጥፊ አሉኝ። ጉንጬ በጠመኔ ነጣ። መምህር ላቀው ዓይናቸውን ጨፍነው «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉኛል። እኔ ግን ከውስጤ አንድ የሚበራ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የማውቀውን ሁሉ ላስታውስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የእህቴ ፊት ብቻ ነው።

«አምስት ደቂቃ» አለ ሰዓቱ።

ያኔ መብራት ሄደ።

ሰሌዳዎቹ «ሆ!» ብለው በመስኮት እየዘለሉ ወጡ። ወይዘሮ ሚጣ እንኳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ግድግዳው ላይ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ድርግም ብለው ጠፉ። መምህር ላቀው «ስለዚህ የሦስት ማዕዘኑ...» እያሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ጨለሙ። እኔ ብቻ እንደነበርኩ ቀረሁ።

«አንተ አልጠፋህም እንዴ?» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

ከዴስክ ሥር አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ነበረች። ጥጓ ተሸርፏል፤ ጠርዟ በሽቦ ታስሯል።

«መች በራሁና ልጠፋ» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ።» ዙሪያዋን አየች። «ማካፈል አልገባኝም። ‹ገባችሁ?› ሲሉ ሁሉም ‹አዎ!› ይላሉ። እኔም ‹አዎ› እላለሁ።»

ደነገጥኩ። እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አዎ» ስል ነው የኖርኩት።

«ሰባት ብርቱካን አለሽ እንበል» አልኳት ሚስማሬ ላይ እንደተንጠለጠልኩ። «ለሦስት ልጆች እኩል ስጪያቸው። ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

«ይጣላሉ።»

«ካልተጣሉስ?»

ፊቷ ላይ ሰባት ብርቱካን ሣለች። ምላሷን አውጥታ አንድ አንድ እያለች አደለች። «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት... ውይ! አንዷ ተረፈች። የተረፈችውን ምን ላድርጋት?»

«ተያት። ቀሪ የምትባለው እሷ ናት።»

«ቀሪ ማለት ይቺ ናት? ዓመት ሙሉ የፈራኋት ይቺን ነው?» ብላ ሳቀች። ሽቦዋ እስኪንቀጫቀጭ ሳቀች። «በል ሌላ ጠይቀኝ! ሃያ አድርገው!»

እኔም መሳቅ ስጀምር ደረቴ ሞቀኝ። ሸሚዜን ገልጬ ባይ ከጎድኔ መሐል የኩራዝ ያህል ቢጫ ብርሃን ይወጣል።

«ቲቸር! በራሁ! ቲቸር፣ ይዩኝ!»

መምህር ላቀው አይሰሙም። በምትካቸው በሩ ተበረገደና ንብረት ክፍል ገባ። ንብረት ክፍል አንድ ወፍራም ጃርት ነበር። ጀርባው ላይ የቆሙት እሾሆች ሁሉ እስክሪብቶ ናቸው። አንዱን ነቀለና ወረቀት ዘረጋ።

«ማነው መብራት ሳይኖር የሚበራው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በማን ፈቃድ?»

«እሷ ስትጠይቀኝ ነው የበራሁት።»

«ቆጣሪ አለህ?»

«የለኝም።»

«ተሰክተሃል?»

«አልተሰካሁም።»

«ሳይሰካ የሚሠራ ዕቃ መመሪያው ላይ የለም። ስለዚህ ‹የማይሠራ› ብለን እንጽፋለን።»

«ይሠራል!» ጮኸች ትንሿ ሰሌዳ። «ማካፈል አስረድቶኛል! ቀሪም አውቃለሁ!»

«አንቺ የትምህርት መርጃ ነሽ፤ አስተያየት አትሰጪም» አላት ጃርቱ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፈርም» አለኝ።

«አልፈርምም! ደወሉ ገና ነው!»

ሰዓቱን በዓይኔ ፈለግሁት። ሰዓቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ጃርቱ እጄን ይዞ አስፈረመኝ። ጣቶቼ ጠመኔ ሆነው ነበርና ስሜን ስጽፍ እያለቁ ሄዱ፤ «ምንተስኖት» የሚለውን ስጨርስ ለአባቴ ስም የሚሆን ጣት አልተረፈኝም። ከሚስማሩ አውርዶ በጋሪ ጫነኝ። ትንሿ ሰሌዳ በሽቦዋ እየተጎተተች ተከተለችን። «ሃያን ለስድስት እንዴት ነው? ሃያን ለስድስት!» ትላለች። መልሱን ልነግራት አፌን ስከፍት ጋሪው ይንጓጓል፤ አልሰማችኝም።

ስቶሩ ጨለማ ነበር። አፍሪካዋ የተላጠች ሉል፣ እግር የሌለው ወንበር፣ ካርቶናቸው ያልተከፈተ ኮምፒውተሮች እስከ ጣራ ተቆልለዋል። በአንድ ጥግ በየዓመቱ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ተማሪዎች ጨርቅ ለብሰው በመስመር ቆመዋል። የባዮሎጂ አጽሙ ብድግ ብሎ፣ «ጠጋ በል ወንድሜ፣ ለአንድ ሰው አናንስም» አለኝ።

በሩ ተዘጋ። የደረቴ ብርሃን ጭል ጭል ማለት ጀመረ። በሌለኝ ጣት በሩን ደበደብኩ።

«ክፈቱ! እበራለሁ! ጠይቁኝ ብቻ፣ አንድ ሰው ይጠይቀኝ!»

ከውጭ ደግሞ ሌላ ሰው ይደበድብ ጀመር። እኔ ስመታ ይመታል። ከዚያ እልልታ ሰማሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ። አስናቀች የመኝታዬን በር በርግዳ እልል ትላለች። ከኋላዋ ዳይሬክተሩ አቶ ጌጤነህ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።

«ተነስ እንጂ ምንተስኖት! ፈተናው ቀርቷል፤ ተቀጥረሃል!» አሉኝ።

ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሳልፈተን?»

«ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ መረመረ። ሌሎቹ አመልካቾች በሙሉ ኮምፒውተር የሚችሉ ሆነው ተገኙ። የሚችል ሰው ደግሞ መነካካቱ አይቀርም። ያ ሰሌዳ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? አንተ ግን ስለ ዕቃው ምንም አታውቅ፣ ሰው አትቀርብ፣ ነገር አትነካ፤ ሰፈሩ በሙሉ መሰከረልህ።»

«ተመስገን!» አለች አስናቀች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ከነላስቲኩ ስቶር አስገብተነዋል» አሉ አቶ ጌጤነህ። «የዞን እንግዶች ሲመጡ ይወጣል፣ ሲሄዱ ይመለሳል። አንተ እዚያው ከጎኑ ትቀመጣለህ። ወንበርም አዘጋጅተንልሃል።»

«ተማሪዎቹስ?»

«ከእነሱ እኮ ነው የምትጠብቅልን!»

አስናቀች በዓይኗ ተቆጣችኝ። ተነስቼ ሱሪዬን ታጠቅሁና እጄን ዘረጋሁ። «እሺ ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

አቶ ጌጤነህ ሳቁ። «ቁልፍ ምን ያደርግልሃል? የሚቆለፈው በውጭ በኩል ነው።»