ኦቦ ቱሉ የጠጡት ግጥም

ሰው የሚያከብረው የማያነበውን ጽሑፍ ነው። ይህን ሊቅ ነግሮኝ ሳይሆን ራሴ ደርሼበት ነው። ጋዜጣ ይነበባል፤ ተነቦ ሲያበቃ ሱቅ ይወርድና ስኳር ይጠቀለልበታል። የሐኪም ወረቀትን ግን መድኃኒት ሻጩ ራሱ ዓይኑን አጥብቦ፣ ከራቀው አቅርቦ፣ ከቀረበው አርቆ ነው የሚያየው፤ እሱን አጥፈን ከፍራሽ ሥር እናኖረዋለን። ቄሱ በግእዝ ሲደግሙ አንገታችንን እንደፋለን፣ በአማርኛ ሲመክሩን እናዛጋለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ አቡጊዳ ነው፤ የቀረውን ገበያ አስተማረኝ። የምጽፈውም እንደማወራው ነውና ነጥብና ሰረዝ የጎደለበት ቦታ ስትደርሱ ትንፋሽ ወስዳችሁ እለፉት።

የማወራችሁ ስለ አማቴ፣ ስለ እማማ ዝናሽ ነው። የእማማ አባት ፈረንጅ ነበሩ። ኖርዌይ ከሚባል አገር መጥተው ሰበታ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ተከሉ፣ የአገሩን ልጅ አገቡ፣ ቀሩ። ኖርዌይ የት እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ባሌን ብጠይቀው "ከስዊድን ወዲያ" አለኝ፤ ስዊድንስ የት ነው ስለው "ከኖርዌይ ወዲህ" ብሎ አረፈው።

የሰውየው ስም ኦላ ነው። ጉዱን ሁሉ ያመጣችው ይህች ስም ናት። ኦሮምኛ የምታውቁ ከወዲሁ ፈገግ ብላችኋል፤ ለማታውቁት፣ ኦላ ማለት ጎረቤት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቀይ ፂማም ሰው ከበቅሎ ወርደው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ኦላ" አሉ። የሰበታ ሰው ተያየ። ገና ጎጆ እንኳ ሳይቀልስ ጎረቤት ነኝ የሚል ሰው፣ ምን ያለ ጨዋ ነው። አንዱ ሽማግሌ "ኦላ ኤኙ?" ብለው ጠየቁ፤ የማን ጎረቤት ማለታቸው ነው። ሰውየው ያልተሰማላቸው መስሏቸው ደረታቸውን ደገም አድርገው መቱና "ኦላ" አሉ። እንግዲያው የሁላችንም ነው ተባለ፤ ወንዝ ዳሩም ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ስም ይኖራቸዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እማማ ካደጉ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ስማቸው ሊመዘገብ ቆመው ጸሐፊው ባስተርጓሚ የአባት ስም ይጠይቃል። "ኦላ" ይላሉ እማማ። አስተርጓሚው ሥራው መተርጎም ነውና ተረጎመ፤ ጸሐፊውም ሥራው መጻፍ ነውና ጻፈ። ይኸው እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ አማቴ "ወይዘሮ ዝናሽ ጎረቤት" ናቸው። ባሌ እንዲስተካከል ቢያመለክት "የማን ጎረቤት እንደሆኑ ማስረጃ ይቅረብ" ብለው መለሱት።

ኦላ በኅዳር በሽታ ሞቱ፤ እማማ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። ከሰውየው የቀረው አንድ ደብተርና አንድ አፍንጫ ነው። አፍንጫው ከእማማ ወደ ባሌ፣ ከባሌ ወደ ልጆቼ ተላልፏል፤ በጨለማም ቢሆን ይታወቃል። ደብተሩ ግን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው የተጻፈ ነው፣ በአገራቸው ቋንቋ። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው። ግጥም መሆኑን የሚያውቅ ስላልነበረ "ወረቀት የማይቆጥብ ሰው ነበር" ይባል ነበር። ያ በሽታ አገሩን ሲያጭደው የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት ቤት ተገኘና ሰው ለክታብ ብሎ ደጁን ሞላው። ሦስት ቅጠል ተቀዶ ሄደ። አንዱ ቡራዩ ገባ። አንዱን የእማማ እናት በቆዳ ሰፍተው በገዛ ልጃቸው አንገት ላይ አሰሩት። ሦስተኛው ጎረቤት ለነበረች፣ ኋላ ሱሉልታ ለገባች ሴት ተሰጠ ይባላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ኦላ በሞቱበት ሳምንት ሣጥናቸውን አዘጋጅተው በገመድ አስረው ነበር። ሐሙስ ከሚነሡ ነጋዴዎች ጋር ሊወጡ ነው ተብሎ ተወራ። ሐሙስ ሊነጋ ሌሊቱን ታመሙ፣ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። አገሩም "ፈረንጁ ጥሏቸው ሊሄድ ነበር፣ ሞት ቀደመው" አለ፤ ይችው ወሬ እማማ ጆሮ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ተቀመጠች። አንድ ቀን ሽንብራ እየለቀምን ሳለ እንዲህ አሉኝ፦ "ሰው አባቱ ሲሞትበት ያለቅሳል፣ ትቶት ሲሄድም ያለቅሳል። እኔ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው ያለቀስኩት።" እኔ ወሬኛዋ ሽንብራዬ ላይ አጎነበስኩ።

ባለፈው ዓመት ነው፣ ከወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የኦላ ዘር ያለበት ይገለጽ ይላል። የሠፈሩ ሹም ሰውን ሰብስበው "ኦላ ያለው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም እጁን አወጣ። ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ሹሙ "ሁሉም አለው" ብለው መለሱና ጉዳዩ ተዘጋ።

ደብዳቤውን የጻፈችው ግን በዚህ የምትመለስ አልነበረችም። ማሪት ትባላለች፤ ወደ ደቡብ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርታለች፣ አማርኛዋ እንደ አዲስ ጫማ ቢጮህም ያስኬዳል። የኦላ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ናት። የዘመዶቿን ሐረግ እየቆጠረች በመጽሐፍ ልታሳትም ተነሥታ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም ሰብስባለች። በቅዳሜ ገበያ ቅቤዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ አንድ ፎቶግራፍ ይዛ ከሰው ሰው ትዞራለች። እኔ ዘንድ ደረሰች። አየሁት። ፂሙን አላውቀውም፣ ባርኔጣውንም አላውቀውም።

"ይህ የባሌ አፍንጫ ነው" አልኳት።

"አቤት?"

"አፍንጫው እኔ ቤት ነው ያለው። ተነሽ።"

ቤት አገባኋት። እማማ ደብተሩን ከሣጥን አወጡ። ማሪት ገለጥ ገለጥ እያደረገች ስታነብ ጆሮዋ ቀላ። መዝሙር ነው፣ የምስጋና ግጥም ነው አለችን። አንዱን ተረጎመችልን፤ ስለ በረዶ ይመስለኛል፣ ፈጣሪ በረዶውን ከአገሬ መልሶ ዱቄት አድርጎ ሰጠኝ ይላል። እማማ ግን ትዕግሥታቸው አልቋል።

"ስለ እኔስ?"

ማሪት መጨረሻው ገጽ ደረሰች። ከገጹ ግርጌ አንዲት ቃል ብቻዋን ቆማለች። "ለዝናሽ" ትላለች። ከዚያ በታች ባዶ ነው፤ ቀጣዩ ቅጠል ተቀዷል።

እማማን ተመለከትኩ። እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ክታብ ጨብጧል። የቱ ቅጠል እዚያ ውስጥ እንዳለ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። "መጀመሪያ የሰው ይከፈት" አሉ።

ስለዚህ ቡራዩ ሄድን። በማሪት ቮልስ፣ እሷ መሪው ላይ፣ እማማ ከፊት፣ እኔና የሁለት ደንበኛ ቅቤ ከኋላ፤ መስኮት ክፈቺ ብትለኝም ቅቤው ብርድ አይወድም ብዬ እምቢ አልኩ። ወይዘሮ ጫልቱ ክታቡን ከእናቷ ወርሳ በአንገቷ ይዛ ስምንት ልጅ በሰላም ወልዳበታለች። እኔ ልፍታው ስላት ዘጠነኛው ሆዷ ውስጥ ያለ ይመስል ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ልትወስዱብኝ ነው።"

"ገልብጣ ትመልስልሻለች ጫልቱ። ቆዳውም አርጅቷል፣ አዲስ አሰፋልሻለሁ።"

"በቀይ ቆዳ?"

"በቀይ።"

ተፈታ። ማሪት አነበበችና ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች። ታለቅሳለች ብለን ስንደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው። ግጥሙ "ለዳንኤል የአንበሶቹን አፍ የዘጋህ ጌታ ሆይ፣ የወፍጮ ቤቴን አይጦች አፍ ዝጋልኝ" ይላል። ስምንት ልጅ የተወለደው በአይጥ ጸሎት ነው።

"ምን ይላል?" አለች ጫልቱ።

"ጎተራሽ እንዳይጎድል ይጸልያል" አልኳት። ውሸት ነው? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

"እኔኮ አውቄዋለሁ" አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

ቡራዩ ላይ እንግዲህ ሰበብ አለቀ። እማማ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፣ ቀና ብለው ፊት ለፊት እያዩ ማተባቸውን ከነክታቡ በራሳቸው ላይ አውልቀው ለማሪት ሰጡ። ምላጭ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ማሪት ቀስ ብላ አነበበች፣ ከዚያም ቀስ ብላ ተረጎመች።

"ሣጥኔን አሰርኩ። ልቤም ከሣጥኑ ጋር ታሰረ። ጌታ ሆይ፣ የትኛውን ገመድ ልፍታ? ዝናሽ ዛሬ በሩ ላይ ቆማ አባባ ወዴት ነህ አለችኝ። እኔም መለስኩላት፣ እንዲህ አልኳት..."

ቅጠሉን አገላበጠች።

"ምን አሏት?" አልኩ እኔ።

"ገጹ አለቀ።"

እማማ በጣታቸው ወደ ሱሉልታ አመለከቱ፤ አቅጣጫውን ስተው ነበር ያመለከቱት፣ ግን ሁላችንም ገባን።

ሱሉልታ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ያች ሦስተኛውን ቅጠል የወሰደች ሴት ሞታለች፣ ልጇ ኦቦ ቱሉ ግን አሉ፤ ድርቆሽ ሻጭ ናቸው፣ ለቅቤ ስመላለስ አውቃቸዋለሁ። ከድርቆሽ ክምራቸው ሥር አገኘናቸው። "ነገያ ኦልታን?" ብዬ፣ እንዴት ዋሉ ብዬ፣ ስለ ከብቱ ስለ ልጁ ጠይቄ ሳበቃ ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። ኦቦ ቱሉ ሆዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"እዚህ ነው ያለው" አሉ። "ጠጥቼዋለሁ።"

ማሪት ወደ እኔ ዞረች። "ምን አደረጉት?"

"ጠጥተውታል ነው የሚሉሽ።"

"ወረቀት?"

"ቀለሙን ነዋ። ውሃ ውስጥ ይታጠባል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ በማንኪያ ለበሽተኛው ይሰጣል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።"

"ጨቅላ ነበርኩ" አሉ ኦቦ ቱሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። "ያ በሽታ ይዞኝ ነው። ያው እንደምታዩኝ ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ ሆዴን አሞኝ አያውቅም።"

እማማ ጠጋ ብለው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። "ታዲያ ምን ይላል?"

"መራራ ነው ይላል፣ እትዬ ዝናሽ። እናቴ ስተፋ ነበር ያለችኝ።"

ስቄ ልሞት ነበር፤ የእማማን ፊት ሳይ ግን ሳቄን ዋጥኩት። የሃምሳ ዓመት ጥያቄ፣ መልሱ የድርቆሽ ነጋዴ ሆድ ውስጥ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መኪናው መንገድ ጀመሩ። ኦቦ ቱሉ እንግዳ ዝም ብሎ አይሸኝም ብለው መሰለኝ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ያወራሉ።

"መቼም አባትዎ ደግ ነበሩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ቀደው የሰጧት ትል ነበር እናቴ።"

እማማ ቆሙ። "የሰጠቻት እናቴ አይደለችም?"

"ኧረ ራሳቸው ናቸው። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ሲጽፉ እኔን አዝላ እያለቀሰች ደረሰች። የሚጽፉትን ቀድደው ሰጧት፣ እንዲያውም ረቡዕ ነበር፣ ሰዎች ጾም ነው ብለው ለልጄ ወተት ከለከሉኝ ትል ስለነበር አልረሳውም። ከዚያ በዚያች ስብር ባለች ኦሮምኛቸው 'ማክሰኞ ልጁን መልሰሽ አምጪልኝ፣ አየዋለሁ' አሏት። ማክሰኞ ብትሄድ ወፍጮው ቆሟል። ለቅሶ ደርሳ ተመለሰች።"

እኔ ገበያተኛ ነኝ፣ ቀን የምቆጥረው በጣቴ ነው፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ እያልኩ አውራ ጣቴ ላይ ስደርስ እማማ ቀድመውኛል።

"ሐሙስ የሚሄድ ሰው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ማክሰኞ አምጪልኝ አይልም።"

"አይልም" አሉ ኦቦ ቱሉ፣ የቅዳሜ ገበያን ዋጋ እንደሚያጸድቅ ሰው።

"አንተ ይህን ነገር ሃምሳ ዓመት ይዘህ የተቀመጥከው ለምንድነው?"

ኦቦ ቱሉ ከልባቸው ተገረሙ። "ማን ጠየቀኝ? ወደ እኔ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ድርቆሽ ነው።"

እማማ እዚያው ድርቆሹ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ግማሽ አልነበረም፤ ሙሉውን ነው። ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው መልሰው ደፉት። ሲያበቁ እማማ አፍንጫቸውን፣ ያንን አፍንጫ፣ በነጠላቸው ጠረጉና ማሪትን "ጻፊው" አሏት።

ማሪት ሐረግ የምትቆጥርበትን ደብተር ከፈተች። ለካ ሥርዓት አላት፤ በወረቀት የተረጋገጠውን በቀለም፣ በአፍ የተወራውን በእርሳስ ነው የምትጽፈው። እርሳሷን አወጣች።

"ያቺ ምንድናት?" አሉ እማማ።

"እርሳስ። ይህ የተነገረ ነው እማማ፣ ወረቀቱ የለም። ምስክሩም ያኔ ጨቅላ ነበሩ።"

"ትጠፋለች?"

"አዎ፣ በላጲስ።"

እማማ እጃቸውን ዘርግተው እርሳሷን ከጣቶቿ መሐል ወሰዱና ሹሩባቸው ውስጥ ሰኩት። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ማሪት ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ድርቆሹን አየሁ። ወደ ኦቦ ቱሉ ተመለከተች፤ እሳቸው ሆዳቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ለመማል እንደተዘጋጀ ምስክር ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ብዕሯን ከፈተች።