የእትዬ ዘመናይ ጥቁር ካፖርት

ሐበሻ በደረሰበት አገር ሁሉ ግልጥ ነገር አይታ ማለፍ የማይሆንላት አንዲት ሴት አትጠፋም። በሮም ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ዘመናይ ናቸው። ቴሌቪዥናቸው ዳንቴል ለብሷል፤ ሪሞቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ዳንቴሉም አቧራ እንዳይነካው ሌላ ጨርቅ ተደርቦለታል። ተቀጥረው የሚንከባከቧቸው ጣሊያናዊት አሮጊት፣ ሲኞራቸው፣ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አይታጣም።

ተከራያቸው ሰናይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪው፣ እራቱን ለማግኘት ሦስት ክዳን ይገልጣል። «ግልጥ ነገር አልወድም!» ይሉታል። እሱም ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «እሺ እትዬ» ይላል። ክርክር አይሆንለትም።

በዚያ እሑድ ግን ምግብም አላሰኘው። የኤክስሬይን የጨረር ቅንጣቶች፣ ፎቶኖችን፣ አንድ በአንድ ለሚቆጥር ቺፕ፣ ቆጠራውን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር የሚያስተላልፍ የሙከራ መሣሪያ እየሠራ ነበር። ኤክስሬይ በሌለበት ቺፑ ዜሮ ማለት ሲገባው፣ በሰከንድ ሺህ ይቆጥራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ፈለገ፤ ስህተት ሲፈልግ ከራሱ ውጭ መጀመር አያውቅበትም። ሰኞ ጠዋት በአስተማሪው በፕሮፌሰር ዳኒኤላ ፊት ዜሮ ካላሳየ ሥራው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

መሣሪያውን ቤት አምጥቶ መስኮቱ ሥር ዘርግቶታል። እትዬ ዘመናይ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ ሆዱን ከፍቶ የተጋደመው?»

«ቺፕ ነው እትዬ። እባክዎ እንዳይነኩት።»

«ማን ነካው! መንገደኛው ሁሉ በመስኮት እያየው? ዓይን በልቶት ነዋ እምቢ ያለህ!» ብለው የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ጣል አደረጉበት።

ሰናይ ሊቃወም አፉን ሲከፍት፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ።

«እትዬ... ሌላ አለዎት? ቀዳዳ የሌለው?»

እንዲህ ያለ ክብር የተሞላበት ጥያቄ በሕይወታቸው ቀርቦላቸው አያውቅም። ጥቁሩን የክረምት ካፖርታቸውን ከመስቀያው አውርደው፣ እንደ ሹመት ካባ ደረቡበት።

ዜሮ።

ሰናይ ገለጠው፤ ሺህ። ከደነው፤ ዜሮ። ፕላስቲክ የለበሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አለ። በላቦራቶሪም በመስኮቱ ሥርም ብርሃን ቺፑን ሲያሳስተው ኖሯል! ፕሮግራሙ ጤነኛ ነበር፤ እሱም እንደዚያው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ወረደ።

«ዓይን አይደለም እኮ እትዬ፣ ብርሃን ነው» አለ፣ ደፈር ብሎ።

«አሎራ፣ ታዲያ ዓይን ያለ ብርሃን ያያል?»

ሰናይ ካፖርቱን ለነገ እንዲያውሱት ለመናቸው።

ሰኞ ፕሮፌሰር ዳኒኤላ ካፖርቱን ዞር ዞር ብለው መረመሩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመሣሪያው አካል ነው» አለ ሰናይ፣ ጆሮው እየጋለ።

ዜሮውን አዩ። «ቫ ቤኔ፣ መልካም፣ ሥራው ያንተ ነው፤ ቀጥልበት» አሉት። ብርሃን የማያስገባ ሳጥን እስኪሠራም ካፖርቱ ከቦታው እንዳይነሣ አዘዙ።

ማምሻውን ሲመለስ፣ እትዬ ዘመናይ በየካቲት ብርድ በስስ ሹራብ ወደ ሲኞራቸው ሲወጡ በር ላይ አገኛቸው። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ደረበላቸው።

«ተው አንተ ልጅ፣ ብርድ ይመታሃል!»

«ግልጥ ነገር አልወድም!» አለ ሰናይ። በዚያ ቤት እንደዚያ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።