አውሮፓ ያዳናቸው ጋሼ ታደሰ

ፕሮጀክተኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? መታመማችሁን ትቶ በእርዳታ ገንዘብ ያመጣውን ማሽን መውደዳችሁን የሚጠይቅ? እኔን አጋጥሞኛል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ አጠገብ ባለው የሕዝብ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ «በአውሮፓ የምርምር ገንዘብ የተሠራ አዲስ ፈጠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ፈጠራው አማርኛ የሚናገር ማሽን ነው። ደህና ነኝ ያለውን ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ አሞኛል ያለውን ዶክተር ጋ ያስገባል። ጎበዝ! የሐበሻን ጠባይ ግን ማንን ጠይቀው ነው የሠሩት?

ጎረቤቴን ጋሼ ታደሰን የዶክተር ቀጠሮ ነበራቸውና ይዣቸው ሄድኩ። ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ ጫማ ካደረጉ ወር አልፏቸዋል።

«ጋሼ፣ ሲጠይቅዎት ቁስሉን ይንገሩት» አልኳቸው።

«ገና ሰላም ሳልለው?»

«ማሽን እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ባለጌ ነኝ እንዴ?»

ማሽኑ «ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ነዎት?» አለ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎስ? ቤተሰብ ደህና?»

«ቀጠሮዎ ተሰርዟል። እናመሰግናለን።»

«እግራቸው ቆስሏል!» ብዬ ጮህኩበት።

«ይህ የበሽተኛው ድምፅ አይደለም» አለኝ።

ማሽኑን ያመጣችው ፕሮጀክተኛ እየሳቀች መጣች። «ሶ፣ ማሽኑን ወደዳችሁት? የዛሬዎቹ ሐበሾች ሁሉ ደህና ናቸው! አውሮፓዎቹ ደስ ይላቸዋል።»

አውሮፓ በሚደርሰው ሪፖርት ላይ ጋሼ ድነዋል። እኔ ግን የዳኑትን ሰውዬ ደግፌ ኤመርጀንሲ ወሰድኳቸው። እዚያ ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትላቸው እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሲሄድ አየሁና አፋቸውን በመዳፌ ያዝኩት።